የሰው ሂሳብ ማን ይመልከት?

ዓይን ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ የተገናኙ ዘመዳሞች ስለ ጤናቸው ይጠያየቃሉ እንጂ ስለ መንግሥት ደንብ ይከራከራሉ ብሎ የሚገምት የለም። እኒህ ሁለቱ ግን ተከራከሩ። ክርክራቸውም ከሐኪም ቤቱ ኮሪደር ተነሥቶ የት ድረስ እንደ ደረሰ የሰማ ሰው ለሌላው ቢያወራው አይከፋም።

ሰውየው ጡረታ የወጡ የወንጀል መርማሪ ናቸው። ሰፈርተኛው በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ «ጋሽ ምርመራ» ነው የሚላቸው። ዳቦ ይዞ በደጃቸው የሚያልፈውን ሰው ከየት እንደ ገዛ፣ ለምን ከዚያ ቤት እንደ መረጠ፣ ትናንት ታዲያ ከሌላ ቤት ለምን እንደ ገዛ ሳይጠይቁ አይለቁትም። ክፋት የለባቸውም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌባ ሲያሳድዱ ኖረው መጠየቅ አመል ሆኖባቸው ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ተደርጎላቸው፣ አናታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጨፍነው እንደ ተቀመጡ አንዲት ሴት አጠገባቸው መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«የወንድሜ ልጅ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ገና ከበሩ ስትገቢ በእርምጃሽ ነው ያወቅሁሽ። አባትሽም እንዲሁ ተረከዙን እየጎተተ ነበር የሚሄደው። ነይ ተቀመጪ። ደግሞ አንቺን ምን አገኘሽ?»

«ኮምፒዩተሩ ነዋ። ከጠዋት እስከ ማታ ፊደልና ቁጥር ላይ ማፍጠጥ ነው ሥራዬ። መነጽር ሳያዙልኝ አይቀሩም።»

የወንድማቸው ልጅ ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው። ክፍሏ አጠራጣሪ የገንዘብ ዝውውር የሚከታተል ነው፤ በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ንጹሕ መስሎ ሲያልፍ ነቅቶ የሚይዝ። ጋሽ ምርመራ በእሷ ይኮራሉ። «ከዘሬ አንድ መርማሪ ተረፈልኝ» እያሉ ለጓደኞቻቸው ያወራሉ። ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት ተጠያይቀው ሲያበቁ፣ ደስ የሚላትን ወሬ የነገሯት መስሏቸው ጀመሩ።

«በሚቀጥለው ሳምንት በከተማው አዳራሽ ስለ አዲሱ ረቂቅ ደንብ የሕዝብ ውይይት አለ። የጡረተኛ ፖሊሶች ማኅበር እኔን መርጦኛል። ተነሥቼ እደግፋለሁ።»

ረቂቅ ደንቡ እንዲህ የሚል ነበር፤ ማንኛውም መርማሪ የማንኛውንም ደንበኛ የባንክ ሂሳብ፣ ዳኛ ሳያስፈቅድ፣ ከጠረጴዛው ሳይነሣ መመልከት ይችላል። በጥቂት የፖሊስ ጣቢያዎች በሙከራ ተጀምሮ ነበርና አሁን በሁሉም ዘንድ ሊስፋፋ ታስቧል።

ልጅቱ በትሕትና «ጋሼ፣ ባይደግፉት ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

«ምን ነካሽ? አንቺም እኮ እንደኔው ሌባ ፈላጊ ነሽ።»

«ነኝ። አጠራጣሪ ነገር ሳይ ለሚመለከተው ክፍል አስታውቃለሁ፤ ይህንንም ሥራዬን እወደዋለሁ። የምቃወመው ሌባ መፈለጉን አይደለም። ሰው ሁሉ ሌባ ነው ተብሎ መፈለጉን ነው።»

«ይኸውልሽ» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንድ አጭበርባሪ ነበር። ቤት እሠራላችኋለሁ እያለ የጡረተኞችን ቁጠባ ሰበሰበ። ዓርብ ከሰዓት ማስረጃው እጄ ገባ፤ ወደ ፍርድ ቤት ሮጥኩ፤ ዳኛው ወጥተዋል። ሰኞ ትዕዛዙ ተፈርሞ ባንክ ስደርስ ሂሳቡ ተጠርጓል። ከተዘረፉት አንዱ ጣቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ገንዘቤ የት አለ አላሉኝም። ‹ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ምከረኝ› ነው ያሉኝ። እኔ ለዚያ ምን ምክር አለኝ? ደንቡ ያኔ ኖሮ ቢሆን እኒያ ሰውዬ አያለቅሱም ነበር።»

«እውነትዎን ነው» አለች፤ ከልቧ ነበር ያለችው። «እኔም ብሆን ያናድደኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሐኪሙ ባለፈው ስለ ዓይንዎ ምን አለዎት?»

ጋሽ ምርመራ ፊታቸውን አዞሩ። «እሱን ገና ለልጆቼም አልነገርኳቸውም።»

«ታዲያ ምን ወንጀል ሠርተው ነው የሚደብቁት?»

ሽማግሌው ሳይወዱ በግድ ሳቅ አሉ። «ወንጀል አይደለም። ሲሆንልኝ፣ በራሴ ጊዜ ልነግራቸው ነው።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሂሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብ ብቻ አይምሰልዎ። የዛሬው የሐኪም ክፍያዎ ተጽፎ ይቀመጣል። የትኛው ሐኪም ጋ እንደ ሄዱ፣ ለማን በድብቅ እንደሚረዱ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚመላለሱ፣ ሁሉም እዚያ አለ። የአንድ ሰው ሂሳብ ሲገለጥ ሕይወቱ ነው የሚገለጠው።»

«ይገለጥ። ፖሊስ ምስጢር ያያል እንጂ አያወራም። እኔ ስንቱን አይቼ ስንቱን ይዤ ዝም ብያለሁ።»

«እርስዎማ ዝም ብለዋል። ደንቡ ግን ለእርስዎ ብቻ አይደለም የሚወጣው።»

«የፖሊስን ሥራ ከውጭ ሆኖ ማማት ቀላል ነው» አሉ ቆጣ ብለው። ወዲያው ነርሷ ተራቸውን ጠራች። ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ እስከ በሩ ሸኘቻቸው፤ እሳቸውም ቁጣቸውን ረስተው መረቋት። ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም። ሰው ለረጅም ዘመን የደከመበትን ነገር ኮሪደር ላይ በተነገረ ቃል አይተውም፤ አይፈረድበትም።

ጋሽ ምርመራ ጓሯቸው ያለውን ክፍል ለአንዲት ስፌተኛ አከራይተዋል። ሴትዮዋ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ አስም ያለባት ትንሽ ሴት ልጅ አለቻት። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ እንደ ልማዳቸው ከየት እንደ መጣች፣ የልጅቱ አባት የት እንዳለ ሊያጣሩ ሲነሡ «ጋሼ፣ ይህን አንዱን ብቻ አይጠይቁኝ» አለቻቸው። እጅጌዋ ሸተት ሲል አንጓዋ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተው ነበርና አልጠየቋትም። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዋ ድምፅ የግቢው ድምፅ ሆነ። ልጅቱም እየሮጠች መጥታ ጉልበታቸው ላይ ትወጣለች።

ከሐኪም ቤት ከተመለሱ ጥቂት ቀን በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍቱ አንድ ንጹሕ የለበሰ፣ ጢሙን የተላጨ፣ አሻንጉሊት የያዘ ሰው ቆሟል።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁዎ። ባለቤቴን እየፈለግሁ ነው። በትንሽ ነገር ተቀያይመን ልጄን ይዛብኝ ጠፋች። የስፌት ሙያ አላት።»

አነጋገሩ ለስላሳ ነው። ዓይኑ ግን በሽማግሌው ትከሻ ላይ አልፎ መስኮቶቹን ይቃኛል። ጋሽ ምርመራ ይህን ዓይነት ዓይን ያውቁታል። ከጓሮ በኩል የስፌት መኪናው ሲያጉረመርም ነበር፤ ድንገት ቀጥ አለ። ከመንገዱ ጫጫታ የተነሣ ሰውየው ልብ አላለውም። እሳቸው ግን ሴትዮዋ የባሏን ድምፅ እንደ ለየች ገባቸው።

በሩን ከኋላቸው ገርበብ አድርገው ወጡና «እንዲህ ያለ ነገር ያሳዝናል» አሉት። «እኔም ከፖሊስ መርማሪነት ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ሰው መፈለግ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ እንዴት አድርገህ ወደዚህ ሰፈር መጣህ?»

«መርማሪ» የሚለውን ቃል ሲሰማ የሰውየው ፊት ፈታ አለ።

«እንግዲያስ የቤት ሰው ነዎት። ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ያ አዲሱ ነገር በሙከራ ላይ አይደል? ስሟን አስገባ፣ በአንድ አፍታ ወጣለት። ልጄ አስም አለባት፤ መድኃኒቷን ሁልጊዜ የምትገዛው እዚያ ማዞሪያው ላይ ካለው መድኃኒት ቤት ነው። በካርድ ስለምትከፍል የመድኃኒት ቤቱ ስም ሳይቀር አለ። እንግዲህ ከዚያ ተነሥቼ ቤት ለቤት እየጠየቅሁ መጣሁ።»

«ጓደኛህ ምን ብሎ ፈለጋት? ወንጀል አለባት እንዴ?»

«ኧረ ማን ይጠይቀዋል» አለ ሰውየው እየሳቀ።

ጋሽ ምርመራ አልሳቁም። የሚዋሽ ሰው ሲያዩ ስለኖሩ ውሸት የት ላይ እንደሚነቃ ያውቃሉ፤ ስለዚህ የራሳቸውን በጥንቃቄ ሰፉት። «እንዲህ ያለች ሴት ነበረችኝ። ከተማ ለቃ ከሄደች ቆየች። የበሬን ቁልፍ እንኳ ሳትመልስልኝ ነው የሄደችው፤ እኔም መቆለፊያውን በሙሉ ገዝቼ ቀየርኩ። ካገኘሃት ቁልፉን ላኪ በልልኝ» አሉት። ሰውየው ስለ ቁልፉ በእሷ ፈንታ ይቅርታ ጠየቀ፤ አመስግኖም ሄደ። እስከ መንገዱ መታጠፊያ በዓይናቸው ሸኙት።

ወደ ጓሮ ሲገቡ ስፌተኛዋ ከመኪናው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ነበር። የልጅቱ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል።

«ሄዷል» አሉ።

«እንዴት አገኘን? ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም። ስልኬን ቀይሬያለሁ። ሥራዬን ቀይሬያለሁ። ምን ያላደረግሁት ነገር ኖሮ ነው?»

ሽማግሌው አጠገቧ በርከክ አሉ። አንድ ሳምንት በማይሞላ ጊዜ አዳራሽ ቆመው ሊያሞግሱት የተዘጋጁት ነገር ነው ይህችን ሴት መሬት ላይ ያስቀመጣት። «በልጅቱ መድኃኒት» አሏት።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። «እንግዲያው ነገ ያለኝን ሁሉ ከባንክ አውጥቼ ጉያዬ ውስጥ እይዘዋለሁ» ብቻ አለች።

የወንድማቸው ልጅ በስልክ ሲጠሯት ከሥራ በቀጥታ መጣች። እናቷ ቤት ትርፍ ክፍል ስላለ ስፌተኛዋና ልጇ ለጊዜው እዚያ እንዲያርፉ ተስማሙ። ዕቃ እስኪሸከፍ ድረስ አጎትና የወንድም ልጅ ሳሎን ተቀመጡ።

«አሁን የምልሽን አድርጊልኝ» አሉ ጋሽ ምርመራ። «ነገ ቢሮ ስትገቢ ያንን ኮምፒዩተርሽን ክፈቺና የዚህችን ሴት ሂሳብ ማን እንዳየው ንገሪኝ። የዚያን የባሏንም ሂሳብ ተመልከቺልኝ፤ ለጓደኛው የሰጠው ነገር ሊኖር ይችላል። የቀረውን ለእኔ ተዪው።»

«አይሆንም ጋሼ።»

«አንቺም ልታስቸግሪኝ ነው? ለደግ ነገር እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ነገር ግን ዘመዴ ስለጠየቀኝ የሰው ሂሳብ ከከፈትኩ፣ ጓደኛው ስለጠየቀው ከከፈተው ፖሊስ በምን ተለየሁ? እሱም እኮ ለደግ ያደረገ መስሎት ይሆናል። ‹ልጁን ላጣ አባት ውለታ ዋልኩ› ብሎ ይሆናል።»

ጋሽ ምርመራ ከብዙ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ያለ መልስ አልገጠማቸውም።

«ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?»

«አንቀመጥም። የሂሳቡ ባለቤት እሷ ናት፤ ‹ሂሳቤን ማን ተመለከተው› ብላ በፊርማዋ ታመልክት። ከየትኛው ጣቢያ በማን ስም እንደ ተከፈተ ባንኩ ዘንድ ይታወቃል። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ይጠይቃል። የባልየውን ሂሳብም ማየት ካስፈለገ ዳኛው ያዛል። የጠባሳዋን ነገርም ለፍርድ ቤት ትንገር፤ ሰውየው እንዳይቀርባት ያግድላታል።»

«ይዘገያል።»

«ትንሽ ይዘገያል። ግን ማንም አያፈርሰውም።»

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ተመለሱና ተቀመጡ። «እሺ፤ ተሸነፍኩልሽ እንበል። የዚያ አጭበርባሪ ነገርስ? ደረጃው ላይ የነበሩት ሰውዬስ? ዳኛ ይኑር ስንል እኒያን ሰው ረሳናቸው ማለት አይደለም?»

«እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። ያን ጊዜ ዳኛው ቢሮው ቢኖር ኖሮ ይከለክልዎ ነበር?»

«ምን ሲደረግ። ማስረጃዬ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነበር። አንብቦ ለመፈረም አንድ ሰዓት አይፈጅበትም።»

«እንግዲያው የጎዳዎት የዳኛው መኖር ሳይሆን አለመኖሩ ነው።»

ጋሽ ምርመራ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ፊታቸው እንደ ድሮው በራ፤ የሥራ ሰው ሥራ ሲያገኝ የሚበራው ዓይነት። «ተረኛ ዳኛ» አሉ። «ሐኪም ቤት ተረኛ ሐኪም አለ። ሌባ ቅዳሜና እሑድ ካላረፈ ተረኛ ዳኛ ለምን አይኖርም? መርማሪው በስልክ ይጥራው፣ ምክንያቱን ይጻፍለት፣ ዳኛው ባለበት ይወስን። እንዲያ ቢሆን ኖሮ አጭበርባሪዬ አያመልጠኝም ነበር።»

«ይህን አዳራሽ ውስጥ ቢናገሩት ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማሉ» አለች የወንድማቸው ልጅ።

በውይይቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። መድረኩ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ጋሽ ምርመራ ራሳቸው ሥራ ያስተማሩት፣ አሁን የምርመራ ክፍል ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። ተራቸው ደርሶ ሲነሡ የማኅበራቸው ሰዎች አጨበጨቡ። እሳቸው ግን ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቀው «ልደግፍ ነበር የመጣሁት፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በዚህ መልኩ አልደግፍም» አሉ።

የስፌተኛዋን ማንነት ሳይገልጡ የሆነውን ተናገሩ። አሻንጉሊት ይዞ ስለ መጣው ሰው፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ልጅቱ ትንፋሽ።

ኃላፊው በአክብሮት ጠየቃቸው። «ጋሼ፣ በአንድ ባለጌ ፖሊስ ምክንያት ሁላችንም እጃችን ይታሰር ነው የሚሉት? ወንጀለኛው እኮ በስልኩ ገንዘብ ከአገር አገር ያሻግራል። እኛ ደብዳቤ ይዘን ስንሮጥ ይስቅብናል።»

«ልጄ፣ እጅህ እንዲታሰር አልፈልግም። እጅህ እንዲታይ ነው የምፈልገው። ባንኩ አጠራጣሪ ነገር ሲያይ ማስታወቁን ይቀጥል፤ እሱ ደግ ነው። አንተ የአንድን ሰው ሂሳብ ማየት ስትፈልግ ግን ምክንያትህን ጻፍ፣ ተረኛ ዳኛም ይኑርልህና ሌት ተቀን ይወስንልህ። ማን እንዳየና ለምን እንዳየ ይመዝገብ። ምርመራው ሲያበቃም ለሂሳቡ ባለቤት ይነገረው። አንተን የመሰለ ሐቀኛ መርማሪ በዚህ ምን ይጎዳል?»

«ጊዜ፣ ጋሼ። ጊዜ እናጣለን።»

«ሌላም የምታጡት አለ፤ እሱን አልቆጠርከውም። ያቺ ሴት ሂሳቧ እንደ ተበረበረ ስታውቅ መጀመሪያ ያሰበችው ገንዘቧን አውጥታ ጉያዋ ውስጥ መያዝ ነው። ሕዝቡ ሁሉ እንደ እሷ ቢያደርግ ባንክ ውስጥ ምን ታያለህ? ንጹሑም ሌባውም በጥሬ ገንዘብ ጨለማ ውስጥ ሲገቡ አንተ ባዶ ኮምፒዩተር ታቅፈህ ትቀራለህ። ሰው ካላመነህ አይነግርህም፤ ካልነገረህ ደግሞ አትይዝም። ይህን አንተን ሳስተምርህ ነግሬህ ነበር፤ እኔው ራሴ ነኝ የረሳሁት።»

ኃላፊው ብዕሩን አንሥቶ ማስታወሻ ያዘ። ከኋላ ወንበር አንዲት ነጋዴ ተነሥታ «እኔም እንደ እሳቸው ነኝ» አለች። ቀጥሎ አንድ ሐኪም፣ ቀጥሎ ጡረተኛ ፖሊስ። ከማኅበሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ለብዙ ጊዜ አኮረፏቸው፤ ያ ሁሉ ሰው አንድ ቀን ውስጥ አልተለወጠም።

ረቂቁ ግን ተመልሶ ተጻፈ። የዳኛ ትዕዛዝ ገባበት፣ ተረኛ ዳኛ ተመደበ፣ ሂሳብ የሚከፍት ሁሉ ስሙንና ምክንያቱን እንዲያስመዘግብ ተደነገገ። የስፌተኛዋ ማመልከቻ መልስ ለማግኘት ሳምንታት ፈጀ፤ ሽማግሌው በየቀኑ እየደወሉ የወንድማቸውን ልጅ አሰለቿት። በመጨረሻ ሂሳቡን የከፈተው ፖሊስ ታወቀ፤ ከሥራ ታግዶ ተከሰሰ። ባልየውም ወደ ሴትዮዋና ወደ ልጅቱ እንዳይቀርብ ፍርድ ቤት አገደው። አንድ ጊዜ ትዕዛዙን ጥሶ መድኃኒት ቤቱ ደጅ ሲያንዣብብ ተገኝቶ ታሰረ። ስፌተኛዋ ወደ ጓሮው ክፍል ተመለሰች፤ ገንዘቧንም ከባንክ አላወጣችም።

አዲሱ ደንብ ሥራ ላይ በዋለ በመጀመሪያው ወራት፣ ውጭ አገር ሥራ እናስገባችኋለን እያሉ ወጣቶችን የሚያታልሉ ሰዎች ተገኙ። ጥርጣሬውን መጀመሪያ ያስታወቀው ባንክ ነው። ቀኑ እሑድ ነበር። ተረኛው ዳኛ ማስረጃውን ቤቱ ተቀምጦ አነበበ፤ ትዕዛዙን ሰጠ፤ ገንዘቡ ሳይሸሽ ሂሳቡ ታገደ። በዚያን ቀን ለእነዚያ ሰዎች ሲባል የተከፈተው የእነሱ ሂሳብ ብቻ ነው። የቀረው ሕዝብ የሐኪሙን ክፍያ፣ የዘመዱን ርዳታ፣ የልጁን መድኃኒት ማንም ሳያይበት ሰንበቱን አሳለፈ።

ኃላፊው ይህን ሊነግራቸው እቤታቸው መጣ። ሲያበቃ ግን አጉረመረመ። «ሁሉም ደኅና ነው ጋሼ፤ ያ ምክንያት መጻፉ ብቻ ያሰለቻል። አንዳንድ ጊዜ ሰውየውን እጠረጥረዋለሁ፤ ለምን እንደምጠረጥረው ግን ለመጻፍ ስቀመጥ ቃል ይጠፋኛል።»

«ቃል ሲጠፋህ ምን ታደርጋለህ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ እተወዋለሁ። ወይም ወጥቼ ማስረጃ እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ምርመራ ወንበራቸውን ወደ እሱ ጠጋ አደረጉ። «እንግዲህ ደንቡ ሥራውን እየሠራ ነው» አሉት።